በልጆች ዱካ፦ ስድስት ቀን በሰሜን ሸዋ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ ደብረ ብርሃን

የገናን በዓል መንዝ ከምትኖረው አክስቴ ቤት ለማሳለፍ ቃል ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበርና ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ማልጄ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴና ለአክስቴ ከያዝኩላት ነጠላ ሌላ አንድ ባዶ ደብተርና አንድ ሜትር አለ። ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጫወቻ ሜዳ ነድፌ ነበር። ሸርተቴውም፣ ዥዋዥዌውም፣ በሲሚንቶ የተለሰነው መሬትም እንደ ንድፉ ተሠርቶ ከተመረቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ልየው ብዬ ብሄድ ልጆቹን ያገኘኋቸው እኔ ካሰናዳሁላቸው ቦታ አልነበረም። አብዛኞቹ በአጥሩና በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ መካከል በቀረችው፣ ስፋቷ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ስንጥቅ መሳይ ቦታ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ስብርባሪ ብሎኬት ላይ ሰፍረው ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ ነበር። ቤት ሠርተዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፣ በቅጠል ገንዘብ ይገበያያሉ። ሸርተቴው ላይ ማንም አልነበረም።

በዚያ ንድፍ ሰነድ መግቢያ ላይ ሀገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሼ፣ 31ኛው አንቀጽ የልጆችን የማረፍና የመጫወት መብት እንደሚያውቅ በደማቅ ፊደል ጽፌ ነበር። አንቀጹን መጥቀስ አልከበደኝም። ልጅ አንድን ቦታ በምን መንገድ የራሱ እንደሚያደርገው ግን ስለ ግድግዳ፣ ስለ መስኮትና ስለ ደረጃ በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ልጆች ባሉበት ሁሉ እየቆምኩ፣ ሲፈቅዱልኝም እየጠየቅኳቸው፣ ያየሁትን በየምሽቱ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ጫጫን ስናልፍ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት በመስኮቱ እያመለከቱ የአንጎለላን አቅጣጫ አሳዩኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ይዘው ወደ መቅደላ ሲወስዷቸው ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። የነገሥታትን ታሪክ ስናነብ ልጅነታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተሻግረን ዘውዱ ዘንድ ለመድረስ እንቸኩላለን፤ እኔ ግን ያን ገላጣ ሜዳ እያየሁ ያሰብኩት አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሚያውቀው ወንዝ፣ ከሚያውቀው ዛፍና ከሚያውቀው አቋራጭ ተነቅሎ በሰው አምባ ላይ ሲያድር በመጀመሪያው ሌሊት ምን እንደናፈቀው ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ብርዳም ከተማ ናት። ማረፊያዬን ይዤ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ውስጥ ሰፈሮች ገባሁ። በአስፋልቱ ላይ ጋሪና ባጃጅ ይጋፋሉ፤ ወደ ሰፈር የሚገባው መንገድ ግን ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። የክረምቱን ጭቃ የሚያስታውሱ እናቶች ይህን ድንጋይ ያመሰግኑታል፣ እውነታቸውንም ነው። ለብይ ግን አይሆንም። ብይ አፈርና ጉድጓድ ይፈልጋል፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል የገባች ብይ ደግሞ በስንጥር ካልተፈለፈለች አትወጣም። ስለዚህ ወንዶቹ ልጆች ብያቸውን ይዘው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ወዳልለበሰ አንድ ጅምር ቤት ግቢ ተሰደዋል። ዘበኛው እስኪመሽ ድረስ አይከለክሏቸውም፤ እነሱም በምላሹ ከሱቅ ይላኩላቸዋል።

ሴቶቹ ልጆች ያደረጉት ደግሞ ይበልጥ አስደነቀኝ። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል የሚሰመር መስመር ይፈልጋል፣ የኮብልስቶኑ ሸካራ ፊት ግን መስመር አይዝም። እነሱም ጨዋታውን በመንገዱ ዳር ወዳለው የውኃ መውረጃ የሲሚንቶ ክዳኖች ወስደውታል። ክዳኖቹ እኩል እኩል ሆነው በተራ ስለተደረደሩ ከሰልም አላስፈለጋቸውም፤ እያንዳንዱ ክዳን አንድ ቀን ሆኗል። አራተኛው ክዳን ተሰብሮ ቦዩ አፉን ከፍቷል፤ ሐሙስን በአየር ነው የሚሻገሩት። ከመካከላቸው አንዷን «ብትወድቂስ?» ብላት «ሐሙስ ላይ የወደቀ ይወጣል» አለችኝ፤ ከጨዋታው መውጣትን ነበር የምትነግረኝ። ክዳኑ መጠገን አለበት፤ ይህን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ሲጠገን በክዳኖች ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ያገኙትን ልጆች አይቶ የሚጠግነው ሰው እንዲሆን ተመኘሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን፤ አንኮበር

ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን የውርጭ ወር ነው። ማለዳ ስወጣ ሣሩ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች በቀጥታ አይሄዱም፤ መንገዱ ላይ ወደ ምሥራቅ የዞረ አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ፤ የመጀመሪያዋ ፀሐይ የምታርፈው እዚያ ነውና ጀርባቸውን ለጥፈው፣ እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይቆማሉ። ትንንሾቹ መሐል፣ ትልልቆቹ ዳርና ዳር ናቸው። ለምን እንደዚያ እንደሚቆሙ ስጠይቅ አንዱ ነፋሱ ከዳር እንደሚመጣ ነገረኝ። ግድግዳውን ለካሁት፤ አራት ሜትር ከሃያ ነው፤ አሥራ ሦስት ልጆች ይዟል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብቅ ብለው «በየዓመቱ ልስኑን በጀርባቸው ይፍቁታል፤ ምን ላድርግ፣ ብርድ ነው» አሉኝ። ይህን ግድግዳ በየትኛው ካርታ ላይ የልጆች ቦታ ብሎ የሚያሰፍረው ባለሙያ እንዳለ አላውቅም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላሰፍረውም ነበር።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አንኮበር ደረስኩ። አንኮበር ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ እስኪዛወሩ ድረስ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ በስተምሥራቋ መሬቱ ተደርምሶ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ወለል ብሎ የሚታይባት ከፍታ ናት። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ወዳለበት ኮረብታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ቆየሁ፤ የቀኑ ትልቁ ትምህርቴም እዚያ ነበር።

ከጥዱ ሥር የኔታ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊደል ያስቆጥራሉ። ታናናሾቹ መሬት ላይ ተደርድረው በጣታቸው ፊደሉን እየነኩ ይጮኻሉ። ጥላው ሲዞር የኔታ ሳይናገሩ ሰልፉ ሁሉ በቂጡ እየተንፏቀቀ አብሮ ይዞራል፤ በብርዱ ሰዓት ፀሐዩን፣ በቀትር ጥላውን ይከተላል። የመማሪያ ክፍል በቀን ውስጥ እንዲህ ቦታውን ሲለውጥ ከዚህ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። ከዐፀዱ ጥግ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጡት የቆሎ ተማሪዎች ጎጆዎች አሉ። እነዚህን የሠራቸው ባለሙያ አናጺ አይደለም፤ ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት የማይበልጠው ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጭራሮውን አስሮ፣ ሣሩን ከድኖ የሠራትን ጎጆ በኩራት አሳየኝ። ፈቅዶልኝ ለካኋት፤ ወርዷ አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ ርዝመቷ ሁለት ሜትር አይሞላም፣ በሯም ተንበርክከው ካልሆነ አታስገባም። ከውስጥ አኮፋዳው ተሰቅሏል፣ ደበሎው ተነጥፏል። ለሦስት ሰው እንደምትጠብብ ስነግረው በትዕግሥት አየኝና «እትዬ፣ ከዚህ ብትሰፋ ይበርደናል» አለኝ። አንድ ክፍል ለአንድ ሰው ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያስፈልገው በቃሌ አውቃለሁ። የልጆች ትንፋሽ ምን ያህል ቦታ እንደሚያሞቅ ግን አልተማርኩም።

ከሰዓት በኋላ በኮረብታው ላይ ፍየል የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ አገኘሁ። የሚውልበትን አገር መሬት ላይ እንዲሥልልኝ ብጠይቀው በዱላው ጫፍ አፈሩን ደልድሎ ጀመረ። ቤቱን እንደ ፍሬ ምስር አሳነሰው፤ መንገዱን ግን ወፍራም አድርጎ፣ የሚታጠፍበትን ሁሉ እያጠፈ ሣለው። ውኃ ያለበትን፣ ጅብ የሚያድርበትን ዋሻ፣ ድምፅ ተመልሶ የሚመጣበትን ገደል፣ እናቱ ስትጠራው የሚሰማበትን የመጨረሻ ድንጋይ ለየ። ከዚያ ድንጋይ ወዲያ ማለፍ የሚችለው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ነገሥታቱ የኖሩበትን ፍርስራሽ የት እንደሚያደርገው ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ነፋስ የማይገባበት ጥግ እንዳለው ነግሮኝ በዱላው አንድ ነጥብ ጨመረ።

የእናት ድምፅ ድንበር ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። በደብተሬ ላይ ከድንጋዩ እስከ ቤቱ ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጥሬ 460 ብዬ ጽፌያለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፤ ጣርማ በርና ደብረ ሲና

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ መንገድ ያለበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ የጭጋግ አገር ነው። መኪናችን ከዋሻው ሳይገባ ቆሞ ስለነበር ከመንገዱ ዳር ቆሎ ከሚሸጡ ልጆች ጋር ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

የእነዚህ ልጆች ቦታ አስፋልቱ ነው፤ ትክክለኛው ስፋቱም ከነጩ መስመር እስከ ገደሉ ጫፍ ያለችው አንድ ክንድ ከስንዝር ናት። በጭጋጉ ውስጥ መኪናው ሳይታይ በድምፁ ብቻ የትኛው ተሳቢ ጭኖ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሚኒባስ እንደሚቆም ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ቢያስደንቀኝም ላመሰግነው አልቻልኩም፤ ሊኖራቸው የሚገባ ዕውቀት አልመሰለኝምና። ትልቋ ልጅ ታናሽ ወንድሟን የቀሚሷን ጫፍ እንዲይዝ አድርጋ አቁማዋለች፤ መኪና በመጣ ቁጥር እሱ ቀሚሷን፣ እሷ ቆሎውን ይዘው አብረው ይሮጣሉ። ትምህርታቸው በፈረቃ መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ እንደሚገቡ ነገረችኝ። ቁልቁል ወርደን ደብረ ሲና ካደርን በኋላም ያቺ የተያዘች የቀሚስ ጫፍ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን፤ ጓሳ

ማለዳ ወደ ጣርማ በር ተመልሰን በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። መንዝ ጌራ፣ ላሎ፣ ማማና ቀያ እየተባለ የሚጠራ፣ የገብስና የበግ፣ የዝተትና የበርኖስ አገር ነው። እናቴ ከዚህ ወጥታ አዲስ አበባ የገባችው ገና በልጅነቷ ነበር፤ ስለ አገሯ ስታወራ ሰውን ሳይሆን ገደልና ድንጋይ በስም እየጠራች ነበር የምትናፍቀው። ለምን እንደነበር ከዚህ ሳምንት በፊት አልገባኝም።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የሣርና የአስታ ደጋ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ለሁሉም ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ቢያናጋውም ሕዝቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ልጆች በዚህ ሥርዓት ውስጥ የት እንዳሉ ነበር።

መኪናውን አቁመን ከጥብቁ ስፍራ ወሰን አጠገብ በጎች ወደሚጠብቁ አምስት እረኞች ሄድኩ። ታላቁ አሥራ ሦስት፣ ታናሹ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። በጎቻቸው ጥብቁን ሣር ከረገጡ አባቶቻቸው እንደሚቀጡ ያውቃሉ፤ ወሰኑን የሚያሳይ አጥር ግን አላየሁም። በምን እንደሚያውቁት ብጠይቅ ታናሹ እየመራ ወሰደኝ። ከአንዲት የጅብራ ተክል ወደ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ውኃ መውረጃዋ እያለ፣ አንድም ጊዜ ሳያመነታ ከ200 እርምጃ በላይ ተጓዘ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሕጉን አላነበበም፤ ሕጉ ግን በእግሩ ውስጥ አለ። ለታናሹ ያስተማረው አጎቱ ሳይሆን ከእሱ ትንሽ ከፍ ያለው እረኛ ነው፤ ለዚያም ከእሱ ከፍ ያለው ሌላ እረኛ አስተምሮታል። ስለ ጓሳ ሲወራ የሽማግሌዎቹ ጥበብ ይነሣል፣ መነሣቱም ተገቢ ነው። ይህን ወሰን በየቀኑ የሚረግጡት ግን እነዚህ ናቸው።

ከንፋሱ መሸሸጊያ የሠሩት የድንጋይ ካብ አለ፤ እንደ ጨረቃ ግማሽ የታጠፈ፣ ቁመቱ እስከ ወገባቸው የሚደርስ። በውስጡ እሳት የሚያነዱበት ምድጃ፣ ገበጣ የተቆፈረበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ዋሽንት የሚሸጉጡበት ቀዳዳ አሉት። ካቡን ማን እንደጀመረው አያውቁም፤ ሲደርሱ ነበረ። በየዓመቱ የክረምቱ ዝናብ የጣለውን ይመልሳሉ፣ ያደገ ልጅ ሲኖርም አንድ ረድፍ ይጨምራሉ። በመንደራቸው እረኝነቱን ትቶ ትምህርት ቤት የገባ ወይም አገር የለቀቀ ቢኖርም ድንጋዩ ይቀራል። ጭላዳዎቹ ከእኛ ሠላሳ ሜትር በማይርቅ ቦታ በመቶ ተቆጥረው ሣር ይነጩ ነበር። ልጆቹ አያባርሯቸውም፤ ወንጭፋቸውን የሚያነሡት ጭላዳው ወደ ገብስ ማሳ ሲወርድ ብቻ ነው። «እዚህ የእሱ ነው፣ እዚያ የእኛ ነው» አለኝ ታላቁ። ቀይ ቀበሮም እንዳዩ፣ አይጥ ሲያድን ድምፅ ሳያሰሙ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ።

ይህን ስጽፍ ኑሯቸውን ላሳምር አልፈልግም። የታናሹ እግር በውርጭ ተሰነጣጥቋል፣ ከበጎቹ አንዱ ቢጠፋም ማታ ወደ ቤት መግባት ይፈራል። ከአምስቱ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሁለቱ ናቸው፤ እነሱም ተራ እየገቡ ነው። ሰፊ ሜዳ ያለው ልጅ ሁሉ ነፃ ልጅ አይደለም። ነገር ግን ቦታው የእነሱ መሆኑን ያወቁበት መንገድ፣ ካቡን መጠገናቸውና ወሰኑን በእግራቸው መያዛቸው፣ እኔ በሲሚንቶ ለስኜ በሰጠሁት ሜዳ ላይ ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል ነበር። እዚያ ልጆቹ የሚጨምሩበት አንድ ድንጋይ እንኳ አልተውኩላቸውም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን፤ የአክስቴ ቤት

የገና ዋዜማ ነው። አክስቴ ቤት የደረስኩት ትናንት ማታ ሲሆን እንደ ወጉ ተስሜ፣ እግሬ ታጥቦ፣ የጾሙ ሽሮ ቀርቦልኝ ነበር። ቤቱ በድንጋይ ካብ ተገንብቶ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ ከውስጥ መደብ የተሠራለት ነው። ሌሊቱን አክስቴ የልጅ ልጆቿን በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ከምድጃው እያራቀች ስታስተኛ አየሁ፤ ታናሹ ከእሳቱ አጠገብ፣ ታላቁ ወደ በሩ፣ ከጋጡ አጠገብ፤ የበጎቹ ትንፋሽም ለእሱ ደረሰው። ሁሉም በአንድ ዝተት ሥር ነው የተኙት። ልጅ ባደገ ቁጥር ወደ በሩ ይጠጋል።

ቀኑን የዋልኩት ከዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጇ ጋር ነበር። እሷንም መሬት ላይ እንድትሥልልኝ ጠየቅኋት። የእሷ ካርታ ከአንኮበሩ ልጅ የተለየ ነበር፤ ቤቱን ትልቅ አድርጋ ከውስጡ ጓዳውን፣ ምድጃውን፣ እንስራው የሚቀመጥበትን፣ ከጎታው ኋላ ያለችውንም ጠባብ ቦታ ሣለች። ያቺ ከጎታው ኋላ ያለችው ቦታ የእሷ ናት፤ ስትቆጣ የምትገባው እዚያ ነው። ከቤት የሚወጡት መንገዶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ወደ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ወደ ምንጩ። ታላቅ ወንድሟ በጎቹን ይዞ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አገር ያካልላል፤ የእሷ አገር ምንጩ ላይ ያበቃል። ከምንጩ ወዲያ ምን እንዳለ ስጠይቃት ዱላዋን ከፍ አድርጋ «ያ የእሱ ነው» አለችኝ፣ ሳታዝንም ሳትቆጭም። እኔ ግን አዘንኩ።

ጀሪካን ተሸክመን አብረን ወረድን። አሁን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቦኖ ተሠርቷል፤ ርቀቱም ከምንጩ እኩሌታ አይሆንም። እናቶች ሁሉ ይመርቁታል። እሷም ወገቧ እንዳረፈ አልካደችም። ሆኖም በዓልና እሑድ ሲሆን እሷና ጓደኞቿ አሁንም እስከ ምንጩ ይወርዳሉ፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ስንደርስ ነው። ምንጩ ዝግ ብሎ ስለሚሞላ ተራ መጠበቅ አለ፤ በዚያ ጥበቃ ውስጥ ሴቶቹ ልጆች በጠጠር ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፣ ሹሩባ ይሠራራሉ፣ ሰው የማይሰማቸውን ወሬ ያወራሉ። ከምንጩ በላይ ያለው ለስላሳ ድንጋይ በብዙ ትውልድ ቀሚስ ተሸርቶ እንደ ሸርተቴ ሆኗል። አክስቴም፣ እናቴም በዚያ ድንጋይ ላይ እንደተንሸራተቱ ማታ ሰማሁ። ቦኖው ጋ ግን ተቆጣጣሪዋ «ቶሎ ቅዱና ሂዱ» ትላለች፤ የሚቀመጡበትም የለም። ምንጩ ይሻል ነበር አልልም፤ ሃያ ሊትር በጀርባ ይዞ ዳገት የወጣ ሰው እንዲህ አይልም፣ እኔም ዛሬ እኩሌታውን ተሸክሜ ሞክሬዋለሁ። የቦኖውን ንድፍ የሠራ ባልደረባዬ ግን ሁለት ረዣዥም ድንጋዮችና አንድ ጥላ ጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ስል በደብተሬ ላይ ንድፉን ሞከርኩት። ድንጋዮቹን ከቧንቧው ስድስት ሜትር አራቅኋቸው፣ ተቆጣጣሪዋ እንዳትሰማቸው።

ስንመለስ ልጅቱ በመንገዱ ፈንታ በካቦቹ መካከል ባለ መሹለኪያ ይዛኝ ገባች። እኔ በጎኔ ካልሆነ አላልፍም፤ እሷ ጀሪካኗን እንደያዘች አለፈች። በካርታዋ ላይ ያልሣለችው ሦስተኛ መንገድ ነበር። ለምን እንዳልሣለችው ስጠይቃት «ወንድሜ ያየዋላ» አለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፤ ገና

ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሁሉ በዶሮ ወጥና በጠላ ሽታ ታወደ። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ወደ ታችኛው የገብስ ማሳ ወረደ። ገብሱ ታጭዶ፣ በአውድማው ተወቅቶ፣ ገለባው ተከምሯል፤ የቀረው ቃርሚያ ብቻ ነው። የማሳው ባለቤት አዛውንት ከካቡ ላይ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሜዳቸው የሚረገጠው በየዓመቱ በዚህ ቀን ነው፣ እሳቸውም በዚሁ ማሳ ላይ ተጫውተውበታል።

የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባብለው ጎረምሶቹ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ሩሯ፣ የገና ጨዋታዋ ኳስ፣ ከተጣለች በኋላ የማየው ሜዳ መስመር አልነበረውም። ሩሯ ወደ ውኃው ስትወርድ ጨዋታው ወደ ውኃው ይወርዳል፤ አውድማው ላይ ስትወጣ አውድማውም ሜዳ ይሆናል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ባለቤትና አራሽ፣ ታላቅና ታናሽ ይጋፋል። ትንንሾቹ ወንዶች ከጎረምሶቹ ዱላ እንዲርቁ ተባርረው ከገለባው ክምር ጥግ የራሳቸውን ገና ጀምረዋል። ኳሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ጠጠር ናት፤ ዱላቸውም የክንድ ያህል ነው። ትልቁ ጨዋታ ወደ እነሱ ሲመጣ የእነሱ ይፈርሳል፣ ሲያልፍ እንደገና ይሰፋል።

ሴቶቹ ልጆች ካቡ ላይ ተደርድረው ይመለከታሉ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ግን የተቀመጠችበት ቦታ በዘፈቀደ አልነበረም። ካቡ ዝቅ ያለበትን፣ ሩሯ በተደጋጋሚ የምትዘልበትን ጎን መርጣለች። ሩሯ ወደ ውጭ በወጣች ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ወርዳ ታነሣታለች፣ በያዘችው ጭራሮም መታ መልሳ ትሰዳታለች። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። በአራተኛው ወንድሟ እንድትተው ጮኸባት፤ አዛውንቱ ግን ከበርኖሳቸው ሥር ሆነው «ተዋት» አሉት።

ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ስትጠጋ አንድ ጎረምሳ አርቆ የመታት ሩር ጠፋች። ሁለቱም ሰፈር ተበታትኖ ቃርሚያውን በዱላ እያበጠረ፣ ቦዩን እየፈተሸ ረጅም ጊዜ ፈለገ። ብርዱ መጥቶ ነበርና አንዳንዱ ይብቃን ማለት ጀመረ። ከካቡ ከፍታ የወደቀችበትን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ወረደችና ማንንም ሳትጠራ ወደ ገለባው ክምር ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ሩሯን ይዛ ወደ ካቡ አልተመለሰችም፤ ጎረምሶቹ ወደቆሙበት ወደ ማሳው መሐል ገባችና መሬት ላይ አስቀምጣ ጭራሮዋን አነሣች።